እሑድ ያልዋለበት ዕቃ

ከሥራ ያሰናበተኝ አለቃ አይደለም፤ ዓይኔ ነው። ባለፈው ጥር የጤፍ ቅንጣት የምታህል የቺፕ እግር እበይዳለሁ ብዬ የሰዓቴን የብረት ማሰሪያ ከቦርዱ ጋር አጣበቅሁት። እጄን ሳነሳ ቦርዱም አብሮ ተነሳ። ባልደረቦቼ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ግን እሷ አልሳቀችም።

«መነጽር ቀይረህ አየኸው፣ አምፖል ቀይረህ አየኸው። አሁን የቀረው ሰውየውን መቀየር ነው» አለችኝ።

በሳምንቱ ማመልከቻ አስገባሁ። ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ሦስት ፊርማና አንድ ማኅተም በቃኝ። ለመቀጠር ግን ስንት ወር ተመላልሻለሁ። መንግሥት ሲቀበልህ ነው የሚጠራጠረው፤ ሲሸኝህ ይቸኩላል።

እኔ ስንሻው እባላለሁ። ወረታ ላይ «ፓምፕ ሠሪው» ብትሉ ያሳዩአችኋል። «ቀልደኛው» ብትሉ ደግሞ ቤቴ ድረስ ያመጧችኋል። የመጨረሻዎቹን ዓመታት የሠራሁበት ነገር ግን ፓምፕም ቀልድም አልነበረም። ራሱን በራሱ የሚሠራ፣ ሲጎዳ ራሱን የሚጠግን ማሽን ነበር። ስናገረው ውሸት ይመስላል፤ በተለይ ከኔ አፍ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት ትንሽ ዝቅ ብሎ የጋሽ ድረስ ሬዲዮ መጠገኛ ነበር። እዚያ የገባሁት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረስሁ በኋላ ነው፤ እውነቱን ለመናገር አሥራ ሁለተኛ ክፍል እኔን ከጨረሰኝ በኋላ። ሱቋ ጠባብ ናት። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ሬዲዮኖች ሁሉ ይንቀጠቀጣሉ፤ አንዳንዱ ሳይጠገን በዚያው ይነሳል፤ ለሱም እናስከፍላለን።

ጋሽ ድረስ ቀጭን፣ ነገር የማይበዛባቸው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። የሬዲዮ ክዳን ለመፍታት ስቸኩል ካዩኝ እጄን በመፍቻ ቸብ ያደርጉኛል።

«መጀመሪያ ሰውየውን ክፈተው» ይላሉ።

ከዚያ ባለሬዲዮውን ቁጭ አድርገው ይጠይቁታል። መቼ ነው ዝም ያለው? ምን ቀን ነበር? ዝናብ ነበር? ቤት ውስጥ ሌላ ምን ይሠራ ነበር? ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ እሳቸው የትኛው ዕቃ እንደሞተ ያውቁታል። ሲከፍቱት ደግሞ አስቀድመው ያሸቱታል። «ዓይን ይሸነገላል፣ አፍንጫ ግን አይሸነገልም» ይላሉ። የሞተውን ዕቃ ነቅለው ሲጥሉትም አይቻቸው አላውቅም። በጋዜጣ ጠቅልለው «የሞተው የባለቤቱ ነው» ብለው ይሰጣሉ። ገበሬው ምን ሊሠራበት? ግን ይቀበላል። ሰው የሚከፍለው ለምን እንደሆነ በእጁ ይዞ እንዲሄድ ነበር የሚፈልጉት።

ሌላም አመል ነበራቸው። የተጠገነ ዕቃ አንድ እሑድ ሳይውል ከሱቁ አይወጣም። ሰኞ ቢጠገን ሳምንቱን ሙሉ ይጠብቃል፤ ቅዳሜ ማታ ቢጠገንም እሑድን ይውላል። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ሱቁን ገርበብ አድርገው፣ ሁሉንም ከፍተው፣ መሐል ቁጭ ይላሉ።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ ሬዲዮም ያስቀድሳል እንዴ?» አልኳቸው።

«አዎ። አንተም ብታስቀድስ አትጎዳም» አሉኝ።

ሳቅን፤ በዚያው አለፈ። የጠየቅሁትም ያ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የእሑዱን ነገር ወይ ለሃይማኖታቸው ነው ወይ ሬዲዮ በነጻ ለመስማት ነው ብዬ ተውኩት።

ከሳቸው ወጥቼ መስኖ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ፎገራ ሜዳ ላይ ያልጠገንኩት ፓምፕ፣ ያልወደቅሁበት የሩዝ ማሳ የለም። አለቆች ተፈራረቁብኝ። አንደኛው መብራት ስለሚፈራ እኔ በምሠራበት ክፍል በር ላይ ቆሞ ነበር የሚያዘኝ፤ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ጉልበቱን እንጂ ፊቱን በደንብ አላየሁትም፤ እኔ ሁልጊዜ ፓምፕ ሥር ነበርኩና። ሌላው ሪፖርት ይወድ ነበር። የሠራኸውን ሳይሆን የጻፍከውን ነው የሚያየው። እኔ ደግሞ መጻፍ ስለማልጠላ በሱ ጊዜ ጀግና ተባልኩ።

ሙላት እናውቃለን፤ የፎገራ ሰው ውኃን እንደ አማች ነው የሚያየው፤ መምጣቱ አይቀርም፣ ጥያቄው ስንት ቀን ይቀመጣል ነው። ክፉው ግን የርብ ወንዝ ሳይታሰብ ዳሩን ሲሰብር ነው። እዚህ ጠብ ሳይል ላይ ደጋው ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ርብ ዳር ላለች አንዲት ጎጥ ማስጠንቀቂያ ጡሩንባ እንድሠራ አዘዘኝ። ሠራሁ። ውኃው ከፍ ሲል ተንሳፋፊው ይነሳል፣ ጡሩንባው ይጮሃል። ቀላል ነው። ለጊዜው ኮራሁበት።

ወንዙ ዳር የሚኖሩ እትዬ የሺ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ በሁለት በሬ፣ በዳማና በቦራ፣ እርሻቸውን በራሳቸው የሚያሳርሱ፣ ምላሳቸው ከማረሻ የማይተናነስ። በሳምንቱ ወረታ ገበያ ላይ አገኙኝ።

«አንት ስንሻው፣ ይኸ ዕቃህ ላሜ ውኃ ስትጠጣ ይጮሃል።»

«ገብታ አናውጣው ይሆናል እትዬ።»

«ላም ታዲያ በመንኪያ ትጠጣ? እስከ ዛሬ ሌባ ተብላ አታውቅም፤ አሁን ወንዝ በወረደች ቁጥር ኡኡ ይባልባታል።»

በአንድ ወር ውስጥ ጎጡ ጡሩንባዬን ማድመጥ ተወ። «ውሸታሙ» ብለው ስም አወጡለት። አንዳንዱ እሱን ይበል እኔን ይበል አልገባኝም።

ከዚያ ነው ዶክተር መቅደስ ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው። ልጅ ናት፤ ጭቃ ውስጥ ጫማዋን አውልቃ ስትገባ ነው የወደድኋት።

«ያንተ ማሽን ውኃ ነካኝ ብሎ ይጮሃል» አለችኝ። «እኛ የምንፈልገው የነካው ላም ይሁን፣ ነፋስ ይሁን፣ ሙላት ይሁን የሚለይ ነው።»

«እንዴት ነው የሚነደፈው?»

«አንነድፈውም።»

«ታዲያ ማን ይንደፈው?»

«ራሱ።»

ፀሐይ መቷት ይሆን ብዬ ጥላ ሥር ወሰድኋት።

እሷ ግን አስረዳችኝ። ያመጣቻት ጥቁር ቺፕ ውስጧ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። እንደ ገበያ አስቡት፤ ቦታው ያው ነው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ግን በየገበያው ይለያያል። በዚያች ቺፕ ላይም ሳትበይድ፣ ሳትፈታ፣ በትእዛዝ ብቻ አንዱን ክፍል ከሌላው ማገናኘትና ማለያየት ይቻላል። ኮምፒዩተሩ በዕጣ ሃምሳ ዓይነት አገናኝቶ ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ከወንዙ የቀዳነውን የውኃ ድምፅ ያሰማዋል፤ የላም፣ የዝናብ፣ የነፋስ፣ የእውነተኛ ሙላት። በትክክል የለየው ነጥብ ያገኛል። ደካሞቹ ይጣላሉ። ጥሩዎቹ ይዳቀላሉ፤ የአንዱ ግማሽ ከሌላው ግማሽ። እዚህም እዚያም በድፍረት አንድ ቦታ ይዛባል። ከዚያ አዲስ ሃምሳ ይወለዳል። እንዲህ እያለ ትውልድ በትውልድ ላይ ይሄዳል።

እትዬ የሺ በአጠገባችን ቆመው ይሰሙ ነበር።

«ኮርማ መምረጥ ነው እንዴ?» አሉ። «ይኸንንማ አባቴም ያውቁት ነበር።»

«ልክ እሱ ነው» አለች ዶክተሯ።

«እና ለዚህ ነው ይኸን ያህል ዓመት የተማርሽው?»

ዶክተሯ «ቺፕ ሁሉ አንድ አይደለም፤ እንደ ዘር ነው፣ በሚኖርበት መሬት ላይ ነው መብቀል ያለበት» ስላለች፣ ቦርዱን ጎጡ ውስጥ ባለው የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። መብራት ያለበት፣ የማያፈስ ጣሪያ ያለው ቤት እሱ ብቻ ነበር። ባለ ወፍጮው ሙላቱ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ንግግር በግማሽ ነው የሚሰማው። ከወንዙ በሽቦ የመጣች፣ የውኃውን ድምፅ የምትለቅም «ጆሮ» አለችን፤ ከሙላቱ ይልቅ እሷ ትሰማ ነበር።

የሰኔ መጨረሻ ነው። ዶክተሯ አስጀምራኝ ወደ ከተማዋ ተመለሰች፤ ማርባቱ የኔ ሆነ። ሰኞ ጀመርኩ። ጠዋት ከወረታ በባጃጅ እመጣለሁ፣ ኮምፒዩተሩን እከፍታለሁ፣ ሙላቱ ሩዙን ይፈለፍላል፣ እኔ ማሽን አረባለሁ፤ ሲመሽ ሙላቱ ሲዘጋ እኔም ዘግቼ እሄዳለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሃምሳዎች ጉዶች ነበሩ። አንዱ ምንም ቢሰማ ይጮሃል። አንዱ ምጽአት ቢመጣ አይነቃም፤ ይኸኛውን ወዲያው አወቅሁት፣ የባለቤቴ ወንድም ነው። ማክሰኞ ላይ ላምን ከዝናብ የሚለይ ተወለደ። ሐሙስ ላይ ነፋስን ናቀ። ዓርብ ከሰዓት አንድም የረባ ስህተት የማይሠራ መጣ።

ምን እንደሚመስል በስክሪኑ ላይ አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የሽቦ አወራረድ አይቼ አላውቅም። ሰው ቢነድፈው ከሚፈጀው ክፍል ሩቡን አልፈጀም። ቀለበት ሠርቶ ወደ ራሱ የሚመለስ አለ፤ ከማንም ጋር ያልተያያዙ ሦስት ክፍሎች ደግሞ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ሥራ ፈት ናቸው ብዬ ባጠፋቸው ማሽኑ ደነቆረ። መለስኳቸው፤ ሰማ። ለምን? አላውቅም። ዶክተሯን በስልክ ብጠይቃት «እኔም አላውቅም» አለችኝ፤ ደስ ብሏት ነበር የምትናገረው። ሠላሳ ዓመት ሽቦ ስጎትት ከኔ የተሻለ ሠራተኛ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ደሞዝም አይጠይቅ።

ዓርብ ማታ ጋሽ ድረስ ደወሉ። ሱቃቸውን ዘግተው ቤት ነው የሚውሉት፤ የኔን ነገር ግን ይከታተላሉ።

«እሑድ ዋለ?»

«ጋሼ፣ ይኸ እኮ ሬዲዮ አይደለም።»

«ሬዲዮ ነው አላልኩም። እሑድ ዋለ ወይ ነው ያልኩት።»

«ነገ ምረቃ ነው። ኃላፊዎች ይመጣሉ።»

«እነሱን ሰኞ ጥራቸው።»

«ካኔተራው ታትሟል፣ ጋሼ።»

ስልኩን ዘጉት። እጄን በመፍቻ የመቱኝ ያህል ተሰማኝ።

ቅዳሜ ተመረቀ። ኮፍያ ተደረገ፣ ፎቶ ተነሳ፣ እኔም ተናገርኩ። ማይክ ሲሰጡኝ ልክ የለኝም። ጎጡ ሁሉ በተሰበሰበበት ወደ እትዬ የሺ ዞሬ «እትዬ፣ ዘንድሮ በሬዎችዎን አያንከራቱ። ውኃው ቢመጣ ይኸ ይቀሰቅስዎታል፤ ይተኙ» አልኳቸው። እሳቸው በየሐምሌው ዳማንና ቦራን ወደ ጣራ ገዳም በኩል፣ ዳገት ላይ ወንድማቸው ዘንድ ያወጧቸው ነበር። መንገዱ ያደክማል፤ የወንድማቸው ሚስት ደግሞ ጭድ በሰጠች ቁጥር ነገር ትጥላለች።

«ትምላለህ?» አሉኝ።

«ማርያምን።»

ሰው አጨበጨበ። እሳቸው በሬዎቻቸውን አላወጡም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሐምሌ ገብርኤል ዕለት ጠዋት የጎጡ ሰው ሁሉ ጉብታዋ ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ቅዳሴ ላይ። ርብ ያን ጊዜ ሰበረ። ሰው ያተረፈው ጉብታው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ጡሩንባው ትንፍሽ አላለም። ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ ቤቱ ውኃ ውስጥ ነው። ዳማ ገመዱን በጥሶ ዋኝቶ ወጥቷል። ቦራ ግን ጨዋ በሬ ነበር፤ በታሰረበት ቆሞ ቀረ።

እኔ ወረታ ነበርኩ። ሙላቱ ደወለልኝ፤ እሱ በስልክ ይጮሃል እንጂ አይናገርም፣ ያን ቀን ግን በቀስታ ነበር የነገረኝ። የት እንደቆምኩ እንኳ አላስታውስም። የማስታውሰው «ሽቦው ተበጥሶ ይሆናል» ማለቴን ነው። የመጀመሪያው ቃሌ እሱ ነበር። ሰው ምን ሆነ ሳልል፣ ሽቦው።

ውኃው ሲጎድል ዶክተር መቅደስ መጣች። ወፍጮ ቤቱ ወለሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ቦርዱን ውኃ አልነካውም። ሽቦውን ፈተሽን፤ አልተበጠሰም። እኔ ቢበጠስ ደስ ባለኝ። የተቀዳውን ሙላት አሰማነው፤ ጮኸ። ደገምነው፤ ጮኸ። አሥር ጊዜ አሥሩንም ጮኸ። የወፍጮው አቧራ ላይ ተቀምጣ ኮምፒዩተሯን አቅፋ «ምንም አልሆነም እኮ፤ ፍጹም ጤነኛ ነው» ትላለች፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

በዚህ መሐል ጋሽ ድረስ በባጃጅ መጡ። ማንም አልጠራቸውም። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ቦርዱን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም፤ አንድ ጆንያ ሩዝ ላይ ተቀምጠው ሙላቱን ጠሩት።

«ምን ቀን ነበር ዝም ያለው?»

«ገብርኤል ነዋ» አለ ሙላቱ እየጮኸ።

«ወፍጮህስ?»

«ምን አሉ?»

«ወፍጮህ፣ ያን ጠዋት?»

«በገብርኤል ማን ያስፈትጋል? ዘግቼ ቅዳሴ ነበርኩ።»

ጋሽ ድረስ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ለሙላቱ «አጥፋው» አሉት።

ሞተሩ ቆመ። በዚያ ቤት ውስጥ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዶክተሯ ያንኑ ሙላት፣ አሥር ጊዜ የጮኸበትን፣ መልሳ አሰማችው።

ምንም።

ደገመችው። ምንም። «ያብሩት እስኪ» አለች። ሙላቱ አበራ፤ ጡሩንባው ኡኡ አለ።

ያኔ ነው ሁላችንም የገባን። ማሽኑ ጊዜ የሚቆጥርበት ሰዓት አልሰጠነውም ነበር። ውኃ ቀስ እያለ ይጨምር ወይስ ላም ገብታ ትውጣ ለመለየት ደግሞ ቆጠራ ያስፈልጋል። እሱም ፈልጎ ፈልጎ፣ የወፍጮው ሞተር በመብራቱ መስመር ላይ የሚለቀውን ጉርምርምታ ሰዓት አደረገው። እኔ ያረባሁት ወፍጮው በሚሠራበት ሰዓት ብቻ ነው። ወፍጮ የማይቆምበት ዓለም መስሎት ነው ያደገው። ያገናኘው ነገር የለም ብዬ የተደነቅሁባቸው ሦስቱ ሥራ ፈት ክፍሎችም ያን ጉርምርምታ የሚያዳምጡት ነበሩ።

ዶክተሯ ከሐዘኗ መሐል «ሰረቀን እኮ» አለች፤ አድናቆቷን መደበቅ አልቻለችም።

እኔ ጋሽ ድረስ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

«በሥራ ቀን ወፍጮውም ብየዳ ቤቱም መብራቱን ይጠጣዋል» አሉኝ ቀስ ብለው። «እሑድ ሁሉም ሲዘጋ መብራቱ ይጠነክራል፣ ጠባዩም ሌላ ነው። በሥራ ቀን ሲዘፍን ከርሞ እሑድ የሚቃጠል፣ እሑድ የሚደነቁር ስንት ሬዲዮ አይቻለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?»

«መች ጠየቅኸኝ?»

«ጠይቄዎት ነበር። ያስቀድሳል ወይ ብዬ።»

«እሱ ጥያቄ አይደለም። ቀልድ ነው።»

ዕድሜዬን ሁሉ በቀልድ ከብዙ ነገር አምልጫለሁ። ከዚህች ግን አላመለጥሁም።

ተነስተው ልብሳቸውን ካራገፉ በኋላ «በል፣ የሞተው የባለቤቱ ነው» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ለእትዬ የሺ እስከዚያ ድረስ «ሽቦው ነው» ብዬ አስነግሬ ነበር።

ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ጭቃ እየዛቁ ነበር። ዳማ ለብቻው ቆሟል።

«እትዬ፣ ሽቦው አይደለም» አልኳቸው። «እኔ ነኝ። ወፍጮው ሲቆም ማሽኑ ይደነቁራል። ወፍጮው ቆሞ አልፈተንኩትም። ፈትን ተብዬም ነበር።»

አካፋቸውን አቁመው አሰቡ።

«ወፍጮውኮ ማታ ማታም ይቆማል።»

«አዎ።»

«እንዲያ ከሆነ ሌሊቱንም ዲዳ ነበር።»

«ሌሊቱንም።»

«ሦስት ሳምንት። ተኚ ብለኸኝ ተኛሁ።»

ቀልድ ፈልጌ አጣሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ጥማዴን ነው የፈታህብኝ» አሉ። «በአንድ በሬ አይታረስ። አሁን እኔ መቀናጆ ፍለጋ የማን ደጅ ልቁም?»

«እኔ አመጣለሁ።»

«አንተ በሬ አለህ እንዴ?»

«የባለቤቴ ወንድም አለው።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። ጭቃቸውን ወደ መዛቅ ሲመለሱ «ሽቦ ነው ብለህ ብትቀር ኖሮ ዳግመኛ ደጄን አትረግጥም ነበር» አሉ። ይቅርታ ይሁን ማስጠንቀቂያ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የአማቼ በሬ ያን ዓመት ከዳማ ጋር አረሰ። ማለቴ፣ ዳማ አረሰ፤ የአማቼ በሬ አብሮት ሄደ። በሬም ባለቤቱን ይመስላል። እትዬ የሺ በየትልሙ ስሜን ሲጠሩ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ በምን ዓይነት ቃል እንደሆነ አልጠየቅሁም።

እኛ እንደገና አረባነው። በዚህ ጊዜ ግማሹን ፈተና ወፍጮው በርቶ፣ ግማሹን ጠፍቶ። ሰዓትም ሰጠነው፤ ሌብነት እንዳይለምድ። የመጀመሪያው ልጅ በአምስት ቀን ሲወለድ ይኸኛው አምስት ሳምንት ፈጀ። ዶክተሯ ሌላም ጨመረችበት፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በጩኸት አንዴ በዝምታ፣ የተቀዳውን ውኃ ለራሱ እያሰማ ራሱን ይፈትናል። ነጥቡ ከወረደ ማንንም ሳይጠይቅ በተረፈለት ጤነኛ ክፍል እንደገና መርባት ይጀምራል። እኔ ደግሞ አራት እሑድ እዚያ ዋልኩ። ጋሽ ድረስ የመጀመሪያውን እሑድ አብረውኝ ዋሉ፤ ሁለታችን ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ እንደ ድሮው ሱቅ፣ ሳንነጋገር። የተፈተነው ማሽኑ ብቻ አልነበረም።

የሚቀጥለው ክረምት እትዬ የሺ ዳማን ወደ ዳገቱ አወጡት። ደጃቸው ላይ የቀረችው ያመት ወንድ ጥጃ ብቻ ናት።

«እሷን ለምን ተዉአት?» አልኳቸው።

«ለፈተና ነው» አሉኝ። «ያንተ ማሽን ብቻ ነው እንዴ የሚፈተን?»

ነሐሴ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ወፍጮው ተዘግቶ፣ ሰው ሰንበቴ ላይ ተቀምጦ ሳለ ጡሩንባው ጮኸ። እትዬ የሺ ጥጃዋን ጎትተው ጉብታው ላይ ወጡ፤ ጎጡም ከብቱን ነድቶ ተከተለ። ውኃው የደረሰው ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ቁልቁል እያየ ሳለ ነው።

ሰኞ ቦርዱን ላጸዳ ስከፍተው ክው ብዬ ቀረሁ። ወፍጮ ቤት አይጥ አይጠፋም። አንዷ ገብታ ግማሹን ቦርድ ጨርሳዋለች፤ የቺፑ አንድ ጎን ተቃጥሏል። እንዲህ የተበላ ዕቃ እንኳን ሙላት ሊለይ መብራትም አይበራበት። ስክሪኑን ከፍቼ አወራረዱን አየሁት፤ እኛ የተውነው አይደለም። ሌላ ነው። የሞተውን ጎን ትቶ፣ ወደ ቀኝ ተሰብስቦ፣ አዲስ መንገድ ቀይሶ፣ አዲስ ቀለበት ሠርቷል። መዝገቡን ባየው ሐሙስ ነው የተጎዳው፤ ቅዳሜ ድኖ አድሯል። እሑድ ጮኸ።

ዶክተሯ አዲስ ቦርድ አምጥታ አርብተን፣ እሑድም ካዋልነው በኋላ፣ የተበላውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ጋሽ ድረስ ቤት ወሰድኩት። አጉልቶ የሚያሳየውን መስታወታቸውን ይዘው ብዙ አዩት። ከዚያ አሸተቱት።

«የአይጥ ሽንት ነው። ማን ጠገነው?»

«ራሱ።»

«አንተ አልነካኸውም?»

«ቤቴ ተኝቼ ነበር ጋሼ።»

መስታወቱን አስቀመጡ። ፈገግ ሲሉ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው ያን ቀን ነው። «እንዲህ ያለ ሬዲዮ ቢኖር ኖሮ እኔ በረሃብ እሞት ነበር» አሉ። ቦርዱን መልሰው ሊሰጡኝ ሲዘረጉ ቆም አሉ። «ይኸን እዚህ ተወው። ላየው እፈልጋለሁ።» የሞተ ዕቃ ለራሳቸው ሲያስቀሩ ያ የመጀመሪያው ነበር።

አሁን እሳቸው ከቤት አይወጡም። ዶክተር መቅደስ ሌሎች ወንዞች ዳር ትዞራለች፤ ስትደውልልኝ ከሰላምታ በፊት «እሑድ ውሏል» ትለኛለች። ያቺ ጥጃ አድጋ ወይፈን ሆነች፣ ወይፈኑም በሬ ሆኖ የቦራን ቦታ ያዘ። የአማቼ በሬ በክብር ተሰናበተ፤ ከኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ።

እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ማንም አያዘኝም። ግን ክረምት ሲሆን እሑድ እሑድ በባጃጅ ወደ ጎጧ እሄዳለሁ። ባለቤቴ «ሰው ጡረታ የሚወጣው እሑድን ለመተኛት ነው» ትላለች። ባለፈው እሑድም ሄድኩ። ሐምሌ ነው፤ ሜዳው ሁሉ ውኃና ሩዝ። እትዬ የሺ ደጅ ሳልፍ ቆምኩ። ሁለቱም በሬዎች ታስረዋል።

«እትዬ፣ በሬዎቹ?»

«አላወጣኋቸውም።»

«እኔ እኮ አሁን ጡረታ ነኝ። ሥራው ላይ የለሁም።»

«አንተን ማን አመነህ?» አሉኝ። «እሑድ እሑድ ስትመጣ አያለሁ። ያመንኩት እሑዱን ነው።»

ወፍጮ ቤት ገባሁ። ሙላቱ ቁልፉን ለኔ ትቶ ቅዳሴ ሄዷል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። መነጽሬን አድርጌ፣ የኮምፒዩተሩን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ስቼ በሦስተኛው አግኝቼ፣ የተቀዳውን ሙላት አሰማሁት።

ጮኸ። በመስኮት ሳይ ዳማ ጆሮውን አቁሞ፣ ገመዱን እየጎተተ፣ ፊቱን ወደ ዳገቱ አዙሯል። እትዬ የሺ ከደጃፋቸው ቀና እንኳ ሳይሉ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

«ዝም በል ዳማ» ሲሉት ሰማሁ። «የስንሻው ነው።»